የኮፒዮ ጽዋ

ዳቦ ጋጋሪውን ዲዮስዳዶን በዓሉ ሊደርስ ሲል ጆሮ ደግፍ ያዘው። ልጅ ሆኖ ያመለጠው በሽታ የልጅ ልጅ ካየ በኋላ አገኘው፤ ፊቱ አብጦ አንገቱ ጠፋ። ሚስቱ አልጋ ላይ አስተኛችውና ሊለብሰው የነበረውን የቆርቆሮ ጥሩር በዱቄት ከረጢት ከትታ ወደ ማናንግ ዩቲኪያ ቤት ሄደች።

«ሌጋስፒ ታሟል» አለች ገና ከበሩ።

«ምን ያህል?» አሉ ማናንግ ዩቲኪያ።

«ጢሙን እናጣብቅለት ብንል የሚጣበቅበት አገጭ የለም።»

ማናንግ፣ ታላቅ እህት፣ የምንላቸው ዩቲኪያ በመንደራችን በካንታሎም የበዓሉ አዛዥ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደጠጣም ከሁሉ አብልጠው ያስታውሳሉ፤ አዛዥነቱም በዚያው የሳቸው ሆኖ ቀረ። ከረጢቱን ተቀብለው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡና ማሰብ ጀመሩ።

ሌጋስፒ የሚባለው እስፓኛዊ አሳሽ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በመርከብ ደሴታችን ቦሆል ሲደርስ አለቃችን ሲካቱና ተቀበለው። ሁለቱ ክንዳቸውን ወግተው፣ ደማቸውን ከጠጅ ጋር ቀላቅለው ጠጡና ወንድማማች ሆኑ። ሳንዱጎ እንለዋለን፤ አንድ ደም ማለት ነው። ሐምሌ ሲመጣ ደሴቱ ሁሉ ያከብረዋል። በከተማ ሰልፍና ጭፈራ አለ፣ መንገድ ይዘጋል፤ የከተማው ሰው እንደሚያውቀው ያደርገዋል። በእኛ መንደር ግን ደሙ ደም ነው፣ ጽዋውም ጽዋ ነው።

ሲካቱና የሚሆነው ሁልጊዜ ከወንዙ ወዲህ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ነው፤ ተራው በየቤቱ እየዞረ ይደርሳል። ሌጋስፒ እንግዳ ነውና ከወንዙ ማዶ ይመጣል። ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ይጠጣል። አብረው የጠጡ ሁለት ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማች ናቸው፤ ለልቅሶና ለሠርግ ብቻ ሳይሆን ለጣራ ክዳንም ይጠራራሉ። ልጆቻቸው የአጎት ልጆች ይሆናሉ፤ የአጎት ልጆች ደግሞ አይጋቡም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች ተዋደው ወደ ሚንዳናዎ ደሴት ተሻግረው ተጋቡ። ቄሱ ምንም አላሉም፣ መንደሩም ምንም አላለም። ባልና ሚስቱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም በዓል መጥተው አያውቁም።

ማናንግ ዩቲኪያ ከወንዙ ማዶ ካሉት ማን እንዳልጠጣ በልባቸው ቤት ለቤት ዞሩ። ወጣቶቹ ወይ በንግድ መርከብ ላይ ናቸው ወይ ሴቡ ከተማ ይሠራሉ። የቀሩት ጠጥተዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቀረላቸው፤ ጨው ቀቃዩ ካንዴላሪዮ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ላኩበት። ካንዴላሪዮ ይህን ሲሰማ ምድጃ ላይ የጣደውን ጨው ረስቶ አሳረረው።

በሲካቱና ወገን ዘንድሮ ተራው የፕሮኮፒዮ ነበር፤ ኮፒዮ እንለዋለን። ኮፒዮ የተራውን ቀን ሲጠብቅ ሦስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ በደረሰው ዓመት ወረርሽኝ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወረርሽኙ አልሄደም፤ በሦስተኛው አውሎ ነፋስ ጀልባዎቹን ሁሉ ወሰደ። «እኔ ዘውድ ልጭን ስል ዓለም ይታመማል» ይል ነበር። ይህን ሲል ይስቃል እንጂ ጽዋውን እንደ ጌጥ የሚያይ ሰው አይደለም። አባቱን በልጅነቱ ባሕር ወስዶበታል። ኮፒዮን ያሳደገው፣ አባቱ ሲካቱና በሆነበት ዓመት ከአባቱ ጋር የጠጣው የወንዝ ማዶ ሰው ነው። ያ ሰው ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፤ ኮፒዮ ግን እስከ ዛሬ ስለ እሱ ሲያወራ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ልጁ ሊበራታ ናቸው። ሊበራታ ጀልባ ነጂ ናት፤ ሰውና ዕቃ ወደ ከተማ ታመላልሳለች። ማዕበል ሲነሳ ሌሎቹ ነጂዎች ጀልባቸውን አስረው እሷ ምን እንደምታደርግ ያያሉ። የምታገባውንም ሰው ራሷ መርጣ ጨርሳለች፤ የካንዴላሪዮ ልጅ ሩስቲኮ ነው። ባለፈው የገና ሰሞን ተስማምተው ነበር። እስካሁን ያልተናገሩት በሷ ምክንያት ነው። «የአባቴ ቀን ይለፍ» አለች፤ «ሠርግ ከተወራ ዘውዱን የሚያይለት አይኖርም።» ስህተቱ ይህ ነበር። ቀድመው ተናግረው ቢሆን ኖሮ ማናንግ ዩቲኪያ ከመርከብ የሚመለስ አንድ ሰው ለመጠባበቂያ አስቀድመው ያስቀሩ ነበር።

ሊበራታ ወሬውን የሰማችው ተሳፋሪ ስታወርድ ነው። ሩስቲኮ ገመዱን ሊቀበላት እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አባትሽ ሰምቷል?» አላት።

«እኔም መስማቴ አሁን ነው። የአንተስ?»

«ቤት ውስጥ ጢም እየለካ ነው። እናቴን በእስፓኝ ቋንቋ ያዛታል።»

«እስፓኝ ቋንቋ ይችላል እንዴ?»

«አይችልም። እሷም አትሰማውም፤ ተስማምተዋል።»

ሊበራታ ሳቀችና ወዲያው ተወችው። ሩስቲኮ ገመዱን ከግንዱ ላይ አሠረ፤ ሁለቴ አሠረው፤ አያስፈልግም ነበር።

«ሴቡ እንሂድ» አለ። «እዚያ የሚያውቀን የለም።»

«እኔ የሚያውቀኝ ሰው ባለበት ነው የማገባው። እዚሁ። አባቴ ተቀምጦ እያየ።»

«እንግዲያው አባቴ ይቅርና እኔ ልጠጣ።»

«አንተ ከአባቴ ጋር ከጠጣህ አጎቴ ሆንክ፣ ቂሎ!»

«ሌላ ሰው የለማ! ማናንግ ዩቲኪያ ቆጥረው ጨርሰዋል።»

ሊበራታ መልህቁን ጣለችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንድ ሰው ዘለዋል» አለች። ማን እንደሆነ ግን አልነገረችውም፤ መጀመሪያ ሊሰማ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር።

ቤት ስትደርስ ኮፒዮ የአውራ ዶሮ ላባ በዘውዱ ላይ እየሰካ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ታታይ፣ የማገባውን ሰው አግኝቻለሁ።»

አባቷ ቀና አለ። «እሰይ! ማነው?»

«ሩስቲኮ።»

«የትኛው ሩስቲኮ?»

«ስንት ሩስቲኮ አለ?»

ኮፒዮ ላባውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ዘውዱን በእጁ አዞረው።

«ከወንዝ ማዶ ስንት ወንድ አለ!» አለ በመጨረሻ።

«ስንት ወንድ እያለ ማናንግ ዩቲኪያም ያገኙት አንድ ብቻ ነው።»

«ተራዬን ተው ልትዪኝ ነው?»

«ተው አላልኩህም። ጠጣ ነው የምልህ። ከእኔ ጋር ጠጣ። ሌጋስፒ እኔ ልሁን።»

ኮፒዮ የሚስቅ መሰለ፤ አልሳቀም። «አንቺ ደሜ ነሽ። ከአንቺ ጋር ብጠጣ ምራቄን መዋጥ ነው። የዚያኛው ሰፈር ሰው ምን ይላል? ኮፒዮ ከራሱ ጋር ታረቀ ይላል።»

«የሰው ሳቅ ነው የሚያስፈራህ?»

«አይደለም!» ድምፁ ከፍ አለና መልሶ ዝቅ አደረገው። «አባቴ ሳይመለስ የቀረ ጊዜ እዚህ በር ላይ መጥቶ የቆመው ማን ነበር? የሥጋ ዘመድ ነበረ? ከወንዝ ማዶ የመጣ ባዕድ ሰው ነበር። ጽዋው ነው ያመጣው። ጽዋው የሚሠራው ባዕዱን ዘመድ ለማድረግ ነው፣ ኢንዳይ፣ አንቺ ልጅ። ልጄን ልጄ ለማድረግ ጽዋ አያስፈልገኝም። እንግዳ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«እንግዳ እሆንልሃለሁ» አለች ሊበራታ።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ጊዜ ስጠኝ።»

አባቷ ላባውን መልሶ አላነሳውም። ሊበራታ ግን ነጋዴ የመጀመሪያውን ዋጋ ሲሰማ እንደሚነሳው ተነሳች፤ አለቀ ብላ አላሰበችም።

ማለዳ ማናንግ ዩቲኪያን ጓሯቸው ውስጥ አገኘቻቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። አሮጊቷ ሳያቋርጡ ሰሟትና፣ «ሩስቲኮን ምን አየሽበት?» አሉ።

«ይሰማኛል።»

«እሱስ ጥሩ ነው። እንግዲህ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ከወንዝ ማዶ የሆነ፣ ያልጠጣ።»

«አልጠጣሁም።»

«ከወንዝ ማዶ ግን አይደለሽም።»

«ሽማግሌ መጥቶ የልመናው ምሳ ከተበላ በኋላ የየት ሰው ነኝ?»

ማናንግ ዩቲኪያ ትንሽ አሰቡ። ምሳው ከተበላ በኋላ ልጅቷ የወንዱ ቤት ሰው መሆኗን ማንም አይክድም፤ ሠርጉ ዓመት ቢዘገይ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ሲበራ በነሱ ስም ነው የሚበራላት።

«የእነሱ ነሽ» አሉ። «ሴት ግን ናት ቢሉኝስ?»

«ጢሙ ለዲዮስዳዶስ የራሱ ነበር እንዴ? የኮኮናት ቃጫ ነው። በእኔ ላይም ይጣበቃል።»

አሮጊቷ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «እኔን ማሳመን ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ አዲስ ነገር ማየት እወዳለሁ። ጽዋው ግን የአባትሽ ነው። እሱ ካላመነበት እኔ አላስገድደውም።»

«አውቃለሁ፣ ማናንግ።»

«ካንዴላሪዮስ? ጢሙን አስለክተን መልሰን ልንቀማው ነው?»

«እሱን ለልጁ ትቼዋለሁ።»

ሩስቲኮ ለአባቱ ሲነግረው ካንዴላሪዮ ጥሩሩን ለብሶ ነበር ይባላል። ቀስ ብሎ አወለቀው። በኋላ፣ «ወታደር ሆኜ ጀልባው ላይ መቆም እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ። «ትችላለህ» ሲሉት፣ «እንግዲያው ዶሮ ያዙ» አለ።

በማግስቱ የካንዴላሪዮ ቤተሰብ ዶሮውን፣ ሩዙንና በሸክላው ውስጥ እንደ ድንጋይ የረጋ አንድ ትልቅ ጨው ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረ። ደንቡ እንደሆነው ሴቶቹ በቀጥታ ወደ ኮፒዮ ማድቤት ገብተው እሳት አነደዱ፤ የሙሽሪት ቤት ውሃ እንኳ አያቀርብም። በተዋበ ንግግር የሚለምን ሰው ለመፈለግ ጊዜ ስላልነበረ ካንዴላሪዮ ራሱ ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ኖንግ ኮፒዮ» ብሎ ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ ጀመረ፤ «በአትክልትህ ውስጥ አንድ አበባ እንዳለች ሰምተን...»

«አትክልት የለኝም» አለ ኮፒዮ። «ዓሣ አጥማጅ ነኝ።»

«እሺ፤ በባሕርህ ውስጥ አንዲት ዓሣ...»

ከማድቤት ሳቅ ተሰማ። ሊበራታም ሳቀች። ካንዴላሪዮ ባርኔጣውን አስቀመጠና በቀጥታ ተናገረ። «ስማኝ፤ እኔ ንግግር አልችልም። ልጄ ልጅህን ይወዳታል፤ እሷም አልጠላችውም። ሌጋስፒ ልሆን ነበር። እስኪነጋ ድረስ ሁሉን ነገር አስቤው ነበር፤ እንዴት እንደምወርድ፣ እንዴት እንደምራመድ። ትቼዋለሁ። አንተ ደግሞ የምትተወው ነገር የለም፤ ጽዋህ እዚያው አለ። የምንለምንህ ልጅህን ነው።»

በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚጠብቀው እሺ ወይም እንቢ ነበር።

«ምሳችሁን እበላለሁ» አለ ኮፒዮ። «ከበላሁ በኋላ ልጅቷ የእናንተ ናት፤ ዛሬውኑ ልብሷን ይዛ ወንዙን ትሻገራለች፤ እስከ በዓሉ በዚህ ደጅ አታልፍም። እኔም አላውቃትም። የሠርጉን ቀን ግን አሁን አልናገርም።»

«መቼ ትናገራለህ?»

«በዓሉ ላይ። ከባሕር የሚመጣው እንግዳ ከሆነ ከእሱ ጋር እጠጣለሁ፤ ቀኑንም እናገራለሁ። ቆርቆሮ የለበሰች ልጄ ከሆነች የመጣችው ግን ወደ ቤቷ ትመለሳለች።» ወደ ካንዴላሪዮ ዞረ። «አንተ ደግሞ ጢምህን በኪስህ ይዘህ ና። ያን ጊዜ የምጠጣው ከአንተ ጋር ነው።»

በማድቤት ያሉት ሴቶች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከካንዴላሪዮ ጋር ከጠጣ ሠርግ የሚባል ነገር ለዘላለም እንደማይኖር ሁሉም ገብቶታል።

«ማን ነው የሚፈርደው?» አለ ሩስቲኮ። «እንግዳ መሆኗን ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አለ ኮፒዮ።

ሊበራታ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ጥሩ ነው» አለች። «ምሳው ይቅረብ፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»

የበዓሉ ቀን ጠዋት መንደሩ በሙሉ ባሕር ዳር ወጣ። በኮኮናት ቅጠል ታሥሮ የተቀቀለው ሩዝ በየዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለት አሳማ ከሰል ላይ ይዞራል። ዲዮስዳዶ ሳይቀር ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ ከሩቅ ተቀምጧል። ኮፒዮ ዘውዱን ደፍቶ፣ ወርቅ የተቀባ የአንገት ሐብል አጥልቆ፣ ከታሊሳይ ዛፍ ሥር በምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ማናንግ ዩቲኪያ የጠጁን ቅልና ትንሿን ጩቤ ይዘው በቀኙ ነበሩ። ሲካቱና እንግዳው ፊቱ እስኪደርስ ከምንጣፉ አይነሳም፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው።

መርከብ የምንለው ጀልባ ከፊት ለፊት ሲታይ ሁልጊዜ ያምራል። በካርቶን ተሸፍኖ፣ በላዩ መስቀል ተስሎበት፣ ሸራው ከአልጋ አንሶላ ተሰፍቶ። ዘንድሮ ሞተሩ እንዲጠፋ ስለታዘዘ ስድስት ወታደሮች ይቀዝፋሉ፤ አንዱ ካንዴላሪዮ፣ ሌላው ሩስቲኮ ነው። ሊበራታ ጢም አጣብቃ፣ ጥሩሩን ለብሳ ከፊት ቆማለች። ዲዮስዳዶ ሰፊ ሰው ነውና ጥሩሩ ከትከሻዋ ወርዶ ወገቧ ጋ ያንኳኳል።

ያልታሰበው የባሕሩ ነገር ነበር። ማናንግ ዩቲኪያ የቅዳሴውን ሰዓት ሲያዘገዩ የባሕሩን ሰዓት አላዩም፤ ውሃው ሸሽቷል። መርከቡ ከባሕሩ ዳር ሩቅ ቦታ ላይ አሸዋ ነክቶ ቆመ። ካርቶኑ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ወታደር ወደ ፊት ወደቀ። ከዳር የተሰበሰበው ሰው ጮኸ።

«ሌጋስፒ፣ መንጃ ፈቃድህ የታለ?»

«ወደ እስፓኝ ተመለስ፣ ነገ ውሃ ይመጣል!»

ሊበራታ አልመለሰችም። ከመርከቡ ወረደች፤ ውሃው እስከ ጭኗ ደረሰ። ወደ ዳር ቀና ብላ አየች።

ከዚያ ቦታ እስከ ታሊሳዩ ዛፍ ድረስ የባሕሩ ወለል ሣርና ድንጋይ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ጃርቶች ተሰብስበው ይኖራሉ። በሣሩ ውስጥ ግን አንድ ጠባብ የአሸዋ መንገድ አለ፤ ወደ ግራ ይታጠፍና በትልቁ ድንጋይ ዞሮ ከኮፒዮ የዓሣ አጥር ሥር ይወጣል። ከላይ አይታይም። ኮፒዮ አባቱን ተከትሎ ነው የተማረው፤ ሊበራታንም ጥርስ ሳታወጣ በትከሻው ተሸክሞ አሳይቷታል፤ ስትቆም ደግሞ እጇን ይዞ። ከዚያ ቤት ሰው በቀር ማንም በዚያ አይሄድም። ከወንዝ ማዶ የመጡት ሌጋስፒዎች ሁሉ ውሃ ሲሸሽ በቀጥታ ነው የሚመጡት፤ እየተራገሙ።

ኮፒዮ ከምንጣፉ ላይ እግሯን ያይ ነበር። ሊበራታም እንደሚያይ አወቀች። እግሯ ከማንም በፊት መንገዱን አግኝቶታል፤ የቀኝ እግሯ ጣቶች አሸዋው ላይ ነበሩ። ወደ ግራ አንድ እርምጃ ብትሄድ ሳትነካ ትደርሳለች፤ እያንዳንዷ እርምጃም የማን ልጅ እንደሆነች ትናገራለች።

እግሯን ከአሸዋው አነሳችና በቀጥታ ሄደች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ይሳደባል። ከዚያ ቆመች። ጫማዋ ጥቁር የተቀባ ሸራ ነበር፤ እሾሁ እንደ መርፌ አለፈበት። ጥርሷን ነክሳ እግሯን አወጣች፤ ወደ ግራ አላየችም፤ ሌላውን እግር አስቀመጠች። ከመርከቡ ላይ ሩስቲኮ ሊዘል ሲል አባቱ በጥሩሩ ያዘው። «ተዋት» አለው። «እየተራመደች ነው።»

ዳር ላይ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ምን እንዳደረገች መጀመሪያ የገባቸው የኮፒዮ ጎረቤቶች ነበሩ፤ መንገዱ የት እንደሆነ ባያውቁም መንገድ እንዳለ ያውቃሉ። «ኧረ በግራ!» አለች አንዲት ሴት ሳታስበው። ሌላዋ አፏን በእጇ ከደነችላት። ኮፒዮ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልተንቀሳቀሰም። ማናንግ ዩቲኪያ ግን ዘውዱ ላይ ያሉት ላባዎች ሲንቀጠቀጡ አዩ።

ሊበራታ እያነከሰች ከምንጣፉ ፊት ደረሰች። ጢሟ በግማሽ ተላቅቋል። ከሸራ ጫማዋ የሚወጣው ውሃ ቀይ ነበር።

ኮፒዮ ተነሳ።

«ማን ነህ?» አለ፤ ሲካቱና የሚለውን።

«ከሩቅ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ውሃና ምግብ። ወዳጅም እፈልጋለሁ።»

ጥያቄው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በኋላ ጩቤው ነው። ኮፒዮ ግን ጩቤውን አልተቀበለም።

«ባሕራችንን ታውቀዋለህ?» አለ።

ሊበራታ ዓይኑን አየችው። «አላውቀውም» አለች። «እግሬን ጠይቀው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ኮፒዮ አልሳቀም። የሚያየው ትንሽ ልጅ ሳለች በትከሻው ላይ ተቀምጣ ጸጉሩን ትይዝ የነበረችውን ነበር፤ ይህችኛዋን ግን አያውቃትም። ፊቱ የቆመችው ሴት መንገዱን እያወቀች ሌላ መንገድ መርጣ መጥታለች። ይህን ያስተማራት እሱ አይደለም።

እጁን ዘረጋ። «ጩቤውን» አለ።

ክንዱን ወጋ፤ ደሙ ቅሉ ውስጥ ወረደ። ጩቤውን አዞረና እጀታውን ሰጣት፤ እሷም ወጋች። ማናንግ ዩቲኪያ ቅሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና ነቀነቁት። ኮፒዮ ጠጣ። ሊበራታ ጠጣች፤ ጠጁ ጠዋት ከኮኮናቱ ዛፍ የተቀዳ ነውና ጣፋጭ ነበር።

«ከእንግዲህ ወንድሜ ነህ» አለ ኮፒዮ፤ ድምፁ እስከ መርከቡ ተሰማ።

«ወንድሜ ነህ» አለች።

«ጠጥተዋል!» አሉ ማናንግ ዩቲኪያ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «አይቻለሁ። ደሙም ደም ነው። የሚጠራጠር ካለ አሁን ይናገር፤ ነገ ወደ ቤቴ እንዳይመጣብኝ።»

የተናገረ አልነበረም። ከበሮው ተመታ፤ ልጆች ወደ አሳማው ሮጡ።

ኮፒዮ ግን ክንዷን ይዞ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት፤ የሲካቱና ቦታ ላይ። «ኮምጣጤ አምጡ!» ብሎ ጮኸ። «ጠንካራውን፣ የዓመቱን፣ እሾህ የሚያሟሟውን!» ዘውዱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና ጉልበቱ ላይ ወረደ። «እግርሽን አምጪ። ኧረ አምጪ፣ አትደብቂብኝ! አምስት... አይ ጉድ፣ ጫማውን አልፎ እግርሽ ውስጥ ቀርቷል።»

«ቀስ በል፣ ታታይ።»

«ቀስ በል ትዪኛለሽ? ከመርከብ ስትወርጂ ቀስ አልሽ?»

ሩስቲኮና ካንዴላሪዮ ጥሩራቸው እየጮኸ ከባሕር እየሮጡ ደረሱ። እነሱም በቀጥታ ነው የመጡት፤ ካንዴላሪዮ በአንድ እግሩ ይዘል ነበር።

«ኖንግ ኮፒዮ» አለ ካንዴላሪዮ፣ ትንፋሽ አጥሮት። «ቀኑስ?»

«የምን ቀን?»

«የሠርጉ!»

ኮፒዮ አንድ እሾህ በጥርሱ ነቅሎ ተፋ። «ከሙታን ቀን በኋላ ያለው ቅዳሜ» አለ ቀና ሳይል። «ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ ዓሣውም ያን ጊዜ ይሰባል። ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት ግን እኔ ነኝ የምወስነው፤ ለማናንግ አንተወውም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ማናንግ ዩቲኪያ።

«ይስሙ። አንተ ደግሞ» አለ ለሩስቲኮ፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ይህኛውን እግር ያዝልኝ። አጥብቀህ ያዝ፤ ኮምጣጤው ሲነካት ትራገጣለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ።»

ሩስቲኮ ተንበርክኮ ያዘ። ኮምጣጤው ፈሰሰ። ሊበራታ ተራገጠች።